ጋቢው ይጨመቅ፣ ሽሮው ይታሸግ፦ ከደብረ ማርቆስ ለሚነሣ መንገደኛ የሻንጣ አሸካከፍ

ሻንጣ የሚሞላው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ቦታው ያልቃል፣ ወይ ኪሎው ያልቃል። ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ አዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ ጅዳ ወይም ዋሽንግተን የሚሄድ መንገደኛ ዕቃውን ሲሸክፍ የትኛው እንዳለቀበት ብዙ ጊዜ አይለይም። ዚፑ አልዘጋ ሲለው ሌላ ሻንጣ ፍለጋ ይወጣል፤ ቦሌ ሚዛን ላይ ሲደርስ ደግሞ ግማሹን አውጥቶ ለሸኚ ያስታቅፋል። አየር የሚወጣላቸው የላስቲክ ከረጢቶች ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ተደርገው ይሸጣሉ። መፍትሔነታቸው ግን ለግማሹ ችግር ብቻ ነው። ከረጢቱ ከልብስዎ የሚያስወጣው አየር ነው፤ አየር ደግሞ ሚዛን ላይ ከቁጥር አይገባም። 2 ኪሎ የሚመዝን ጋቢ ተጨምቆ ትራስ ቢያክልም ያው 2 ኪሎ ነው። ስለዚህ ከረጢት ከመግዛትዎ በፊት የሚይዙትን ሁሉ አልጋ ላይ ዘርግተው ለሁለት ይክፈሉት፤ ቦታ የሚበላውን በአንድ ወገን፣ ኪሎ የሚበላውን በሌላው። ቦታ የሚበላው ይጨመቃል። ኪሎ የሚበላው ግን ቢጨመቅም ትርፍ የለውም፤ የሚያስፈልገው በደንብ መታሸግ ነው።

የጎጃም ደጋ መንገደኛ ሻንጣ ይህን ክፍፍል አጉልቶ ያሳያል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ የጮቄ ተራራን ብርድ የምትቀበል ከተማ ናት። ከዚህ የሚወጣ ሰው ጋቢ፣ ሹራብና ካፖርት ይዞ ይወጣል፤ ከቆላ አገር ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ የሚመጣ ተማሪም ብርድ ልብሱን ተሸክሞ ይመጣል። ይህ ሁሉ ከክብደቱ ይልቅ ግዝፈቱ የሚያስቸግር ዕቃ ነው። በሌላው ወገን ስንቁ አለ፤ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ንጥር ቅቤ፣ ማር። እሱ ጥግ ላይ ሰብሰብ ብሎ ተቀምጦ ሚዛኑን ይደፋዋል። ሁለቱ አንድ ሻንጣ ውስጥ ሲገናኙ ጋቢው ተጨምቆ የተገኘው ባዶ ቦታ «እስቲ ትንሽ በርበሬ ልጨምር» ያሰኛል፤ ከተፈቀደው ኪሎ የሚያሳልፈውም ያ ትንሽ በርበሬ ነው። መጭመቂያ ከረጢት ከሚያመጣው ጣጣ ሁሉ የሚብሰው ይኸው ይመስለኛል፤ ሰውን ዕቃ ያስጨምረዋል።

እንግዲህ መጀመሪያ ከየትኛው ወሰን ጋር እንደሚታገሉ ይወቁ። ከማርቆስ መናኸሪያ አዲስ አበባ ድረስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ መንገድ ሻንጣዎን በዓይኑ የሚመዝነው የአውቶቡሱ ረዳት ሲሆን እሱ የሚያየው ግዝፈቱን ነው። ዕቃው ከእግርዎ ሥር ወይም ከራስዎ በላይ ከገባ ገባ፤ ካልገባ ፖርቶመጋላ ላይ ይወጣል፣ የጭነት ሒሳብም ይጠየቅበታል። እዚህ ላይ መጭመቅ በቀጥታ ገንዘብ ያድናል። በአውሮፕላን ግን ነገሩ ይገለበጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በብዙ ዓለም አቀፍ መስመሮቹ ለኢኮኖሚ ተሳፋሪ የሚፈቅደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ 2 ሻንጣዎችን፣ በእጅ ደግሞ 7 ኪሎ ነው። መስመሩና የቲኬቱ ዓይነት ሲለያይ ይህም ስለሚለያይ ቲኬትዎ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። ቤት ውስጥ የሰው ሚዛን ካለ መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ ሻንጣውን ይዘው ይቁሙበት፤ ልዩነቱ የሻንጣው ክብደት ነው። ከሌለም ወፍጮ ቤት ወይም እህል ነጋዴ ዘንድ ሚዛን አይጠፋም። ይህን ሁሉ ከጭመቃው በፊት እንጂ በኋላ አያድርጉት። 23 ኪሎ በሚፈቀድለት አንድ ሻንጣ ስንቁ ብቻውን 15 ኪሎ ከደረሰና ባዶው ሻንጣ 4 ኪሎ ከወሰደ ለልብስ የቀረዎት 4 ኪሎ ነው። 4 ኪሎ ልብስ ደግሞ ሳይጨመቅም ይገባልና ከረጢቱን ጨርሶ አይግዙት።

ሒሳቡ መጭመቅ ያስፈልጋል ካለ ወደ ከረጢቱ ምርጫ ይሂዱ። ገበያ ላይ ያለው በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ቫልቮላ ያለው፣ አየሩ በፓምፕ ወይም በቫኪዩም ክሊነር የሚመጠጥ ነው። ሁለተኛው ዚፑ ከተዘጋ በኋላ በእጅ እየተጠቀለለ ግርጌው ላይ ባለው መተንፈሻ አየሩን ወደ ውጭ ብቻ የሚያስተነፍስ ነው። ሦስተኛው ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን ዚፕሎክ የሚሉት ተራው ባለ ዚፕ ላስቲክ ነው። ለመንገድ ሁለተኛውና ሦስተኛው ይበቃሉ፤ ፓምፕ የሚፈልገውን ለቁም ሣጥን ይተዉት። በፓምፕ የታሸገ ጥቅል መንገድ ላይ ከተከፈተ ተመልሶ አይታሸግም፤ ከማርቆስ እስከ ቦሌ ደግሞ ሻንጣ የሚከፈትበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ኬላ ላይ ይፈተሻል፣ አየር ማረፊያም ይፈተሻል። ፈታሹ ድንጋይ የመሰለውን ጥቅል «ይህ ምንድን ነው? ክፈተው» ሲል ጋቢው ትንፋሹን መልሶ ይነፋፋል፣ ሻንጣውም አልዘጋ ይላል። በመንገዱ ላይ ባለችው ደጀን ቫኪዩም ክሊነር ይዞ የሚጠብቅ ሰው የለም። በእጅ የሚጠቀለለው ግን አስፋልት ዳር ጉልበት ላይ ተደርጎም ቢሆን በጥቂት ደቂቃ ይመለሳል።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ ይታወቃል፤ በፓምፕ የሚሠራው ይበልጥ ያሳንሳል ይባላል። እውነት ነው፤ ሆኖም ብልጫው በደጋ አገር ይቀንሳል። ጋቢውን የሚጨምቀው ፓምፑ ሳይሆን ከውጭ ያለው አየር ነው፤ ፓምፑ ውስጡን ባዶ ሲያደርገው የውጭው አየር ይጫነዋል። ይህ ጫና በባሕር ወለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ያህል ነው፤ በማርቆስ ከፍታ ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። ከረጢቱ ማሸጊያ ላይ ያለው «በዚህን ያህል ያሳንሳል» የሚል ሥዕል እንግዲህ ማርቆስ ላይ ሙሉ ለሙሉ ቢይዝልዎ ዕድለኛ ነዎት።

ከፍታ ሌላም ነገር ይለውጣል፤ እሱም ከረጢት ውስጥ ተርፎ የቀረውን አየር ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርዱ ድልድዩ ያለበት ወለል ከ1,000 ሜትር ብዙም ከፍ አይልም፤ ማርቆስ ላይ ተዘግቶ የመጣ አየር እዚያ ሲደርስ ከስድስት አንድ እጁን ያህል ይጠብባል፣ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ መልሶ ይሰፋል። አውሮፕላን ውስጥ ከረጢት ይፈነዳል ብለው የሚሰጉ ብዙ ናቸው። የመንገደኛ አውሮፕላን ግን ከፍ ብሎ ሲበር የውስጡ አየር ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር እንዲመጣጠን ተደርጎ የተሠራ ነው፤ የማርቆስ ሰው አውሮፕላን ውስጥ የሚተነፍሰው ከሞላ ጎደል የአገሩን አየር ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማርቆስ ላይ የተዘጋ ከረጢት ሰማይ ላይ ከቤቱ የበለጠ አይነፋም፤ ጅዳ ሲያርፍ እንዲያውም ይሟሽሻል። የሚነፋው ከዚያ የሚመጣው ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ የተዘጋ አየር ማርቆስ ሲደርስ በሲሶ ያህል ይሰፋል። በሲሶ የሚነፋ ነገር ደግሞ ደካማ ዚፕ ያስከፍታል።

አሁን ሥራው ይጀምር፤ የመጀመሪያው ሥራ ማድረቅ ነው። ከሁሉ ረዘም ላለ ጊዜ ልይዝዎት የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የተጨመቀ ልብስ ሲበላሽ በአብዛኛው የሚበላሸው በመጭመቁ ሳይሆን በእርጥበቱ ነው። ጥጥ እጅ ላይ ደረቅ መስሎ ሳለ ከራሱ ክብደት ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ ውኃ ይዞ ይገኛል፤ ሱፍ እጥፉን ያህል ይይዛል። በሐምሌና በነሐሴ፣ ጭጋጉ ከረፋድ በፊት በማይገለጥበት ወቅት፣ ከዚህም ይብሳል። ጋቢ ድርብርብ ስለሆነ ላዩ ሲደርቅ መካከሉ አይደርቅም። ይህ እርጥበት ክፍት ቦታ ላይ ጉዳት የለውም፣ ቀስ እያለ ይተናል፤ በታሸገ ከረጢት ውስጥ ግን መውጫ የለውምና ልብሱ ታፍኖ ይሸታል፣ ቀን ከበዛውም ይሻግታል። ስለዚህ ከጉዞው ሁለትና ሦስት ቀን ቀድመው ያስጡ፤ ፀሐይ ባለበት ሰዓት እየገለበጡ ያድርቁ፤ ማታ ጤዛ ሳይነካው ያስገቡ። የደረቀ መስሎዎት ከተጠራጠሩ ቀላል መፈተኛ አለ። ጋቢውን ሳይጨምቁ ከረጢቱ ውስጥ አስገብተው ዚፑን ይዝጉና ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ያቆዩት። የላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላብ ካወጣ፣ ጭጋግ ወይም ጠብታ ከታየበት፣ አልደረቀም፤ አውጥተው እንደገና ያስጡት። ከረጢቱ ጥርት ብሎ ከቀረ ለጉዞ ደርሷል።

እግረ መንገድዎን ከረጢቱንም ይፈትኑ። ባዶውን በአየር ሞልተው ይዝጉና ውኃ በያዘ ሳፋ ውስጥ አጥልቀው ይጫኑት፤ አረፋ የወጣበት ቦታ ያፈስሳል። ገበያ ላይ ቀጭንና ወፍራም አለ፤ ለመጭመቂያ በጣት ሲያሹት የሚንሿሿና ጠንከር የሚለውን ይምረጡ፤ እንደ ፌስታል የሚለጠጠውን ይተዉት። ትልቅ አንድ ከሚገዙ መካከለኛ ሦስት ይግዙ። ትልቁ ከተጨመቀ በኋላ ቅርጽ የሌለው ድፍን ነገር ሆኖ ሻንጣው ጥግ ላይ ባዶ ክፍተት ያስቀራል፤ አንድ ቦታ ላይ ከተቀደደም ሁሉ ይነፋል። በዓይነት የተለዩ ሦስት ጥቅሎች ደግሞ ፈታሽ ሲመጣ ሁሉን ከመበተን ያድናሉ።

ለመጭመቅ ጋቢውን እንደ ተለመደው አጥፈው የከረጢቱን ወርድ እንዲያክል ያስተካክሉት። ጠቅጥቀው አያስገቡት፤ ዝርግ ሆኖ የተጨመቀ ጨርቅ መስመር መስመሩን ይታጠፋል፣ ተጠቅልሎ የገባ ግን የተጨማደደ ሆኖ ይወጣል፣ ያን ማስተካከል ደግሞ የካውያ ሥራ ነው። ዘርፍ ያለው ልብስ ከሆነ ዘርፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ይሸፍኑት። ከረጢት አልያዝ ሲል ሰው ፋብሪካውን ያማርራል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዚፑ ጉድጓድ ውስጥ የገባ አንድ ክር ወይም የጥጥ ብናኝ ነው። ስለዚህ ከመዝጋትዎ በፊት የዚፑን ሁለት ከንፈሮች በደረቅ ጨርቅ ጥርግ ያድርጉ፣ ከተዘጋም በኋላ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጠው ሁለት ጊዜ ይሂዱበት። ከረጢቱን ከሦስት ሁለት እጁ በላይ አይሙሉት። የሚጠቀለለው ዓይነት ከሆነ ዚፑን ዘግተው ከዚፑ በኩል ጀምረው ወደ ግርጌው፣ ወደ መተንፈሻው፣ በጉልበትዎ እየተጫኑ ይጠቅልሉ። ተራው ባለ ዚፕ ከሆነ ደግሞ አካሄዱ በተቃራኒው ነው፤ ጣት የምታህል ክፍተት ትተው ዚፑን ይዝጉ፣ ከግርጌ ወደ አፉ እየጠቀለሉ አየሩን በክፍተቱ ያስወጡ፣ መጨረሻ ላይ ክፍተቱን ቶሎ ቆንጥጠው ይዝጉ። ብዙ ሰው ይህን ሁለቱን አቅጣጫ አምታትቶ አየሩን ወደ ተዘጋ ጥግ እየገፋ ይደክማል። ደግሞም ድንጋይ እስኪሆን ድረስ መጭመቅ የለብዎትም። ትንሽ ልስላሴ የቀረለት ጥቅል የሻንጣውን ቅርጽ ተከትሎ ይቀመጣል፣ የማር ማሰሮንና ተሰባሪ ዕቃዎችንም ይደግፋል።

የማይጨመቅ ልብስም አለ። በሳባ ክር የተሠራ ጥለትና ወፍራም ጥልፍ ያለው የሐበሻ ቀሚስ ክሩ ይታጠፍበታል፤ ዝርግ አድርገው ከሁሉ በላይ ያኑሩት፤ ከአቧራና ከበርበሬ ሽታ እንዲጠበቅ ብቻ በሰፊ ላስቲክ ይሸፍኑት። የቆዳ ጃኬትና ጫማም አይጨመቁም። ጂንስና ሸሚዝ ቢጨመቁ ጉዳት የላቸውም፣ ጥቅምም የላቸውም፤ ውስጣቸው ያለው አየር ከመጀመሪያውም ትንሽ ነው። ከረጢት የሚገባው ለጋቢ፣ ለሹራብ፣ ለብርድ ልብስና ጥጥ ወይም ላባ ለተሞላ ጃኬት ነው። ሞባይል ቻርጀርና ባትሪ እዚህ ውስጥ አይግቡ፤ ፓወር ባንክ ደግሞ በሚጫነው ሻንጣ ጨርሶ አይፈቀድም፣ በእጅ ይያዝ።

ወደ ስንቁ ስንመጣ ሕጉ ይለወጣል፤ እዚህ የምንፈልገው ማሳነስ ሳይሆን መከልከል ነው፤ ፍሳሽን፣ ሽታን፣ እርጥበትን። ሽሮና በርበሬ ከወፍጮ ሲወጡ ትኩስ ናቸው። ትኩሱን ዱቄት ላስቲክ ውስጥ ጨምሮ መዝጋት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሲበርድ ውስጡ ላብ ይሠራል፣ ዱቄቱም ይጓጉላል። ሌሊቱን ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ ይደር፤ ጠዋት ይታሸግ። ሲጨምሩ የከረጢቱን አፍ አራት ጣት ያህል ወደ ውጭ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ ይገልብጡት፤ ዱቄቱ ዚፑን ሳይነካ ይገባል፣ ከዚያ ኮሌታውን መልሰው ይዘጋሉ። ዚፕ ውስጥ የገባ በርበሬ እንደ ጥጡ ክር ቀላል አይደለም፤ ተጠርጎ አያልቅም። ዱቄት በፓምፕ አይመጠጥ፤ ብናኙ ቫልቮላውን ይደፍነዋል። በእጅ ጫን ጫን ብለው አየሩን ያስወጡና ይዝጉት፣ ያንን ደግሞ በሌላ ከረጢት ይድገሙት። ድርቡ ትርፍ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ አንድ ነገር ያስብ፤ ስሱ ላስቲክ ውኃን ቢይዝም የቅመም ጠረንን ያሳልፋል፤ ኮረሪማና በሶብላ የገባበት በርበሬ በአንድ ፌስታል ታስሮ ከነጠላ ጋር ከሰነበተ ነጠላው ወጥ ወጥ ይሸታል። በየከረጢቱ ላይ የምግቡን ስምና ምንነቱን ፈታሹ በሚያነበው ቋንቋ ይጻፉ፤ ቀይ ዱቄት ያለ ስም ሲገኝ ጥያቄ ያመጣል። ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ከሆነ ዱቄቱን በሚጫነው ሻንጣ ያድርጉት፤ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእጅ ሻንጣ የተያዘ ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት ለተጨማሪ ፍተሻ ይዳርጋል፣ ምንነቱ ካልታወቀም ተሳፍሮ አይሄድም።

ቅቤና ማር የሻንጣ ፈተና ናቸው። በማርቆስ ጠዋት ቅቤ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይታሸጋል፤ እዩት፣ አይፈስም ይባላል። ከሦስትና ከአራት ሰዓት በኋላ ያው ቅቤ ዓባይ በረሃ ውስጥ በጋለ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ነው። ቅቤ ከ30 ዲግሪ አለፍ ሲል መቅለጥ ይጀምራል፤ ማርም ይቀጥናል። እንግዲህ የሚታሸገው ጠዋት በታየበት መልኩ ሳይሆን ቀን ዘይት እንደሚሆን ታስቦ ነው። አፉ በጥብቅ የሚከደን የፕላስቲክ ማሰሮ ይምረጡ፤ ክዳኑን ከከደኑ በኋላ ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ፤ ማሰሮውን በአንድ ባለ ዚፕ ከረጢት፣ ያንንም በሌላ ከተው በሁለቱ መካከል አሮጌ ጨርቅ ወይም ሶፍት ያድርጉ፤ ቢያፈስ እሱ ይጠጣዋል። የተነጠረው ቅቤ ካልተነጠረው ይሻላል፤ ውኃው ስለወጣለት ቶሎ አይበላሽም። ማሰሮውን ወደ ሻንጣው መሐል፣ የተጨመቁት ጥቅሎች መካከል ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሚሄዱበት አገር ሕግ ይቅደም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከኢትዮጵያ በመንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም፤ ቋንጣና ቅቤ የቱንም ያህል ቢታሸጉ እዚያ ይወረሳሉ። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ወደ ሌላ አገር ከሆነም ቀድመው ይጠይቁ፤ ምግብ መያዝዎን ሲጠየቁ አይሸሽጉ።

ቆሎና በሶ ችግር የላቸውም፤ ይቀዝቅዙ፣ ይታሸጉ። እንጀራ ግን እስኪቀዘቅዝ ተዘርግቶ መቆየት አለበት፤ ትኩሱ ከታሸገ በማግሥቱ ይሻግታል። እንዳይጨመቅም ይጠንቀቁ፤ ዓይኑ ከተደፈጠጠ እንጀራነቱ ያበቃል። ድርቆሽ ቀላልና ረጅም ቀን የሚቆይ ነው፤ ከቦታ ይልቅ ስብራት ያሠጋዋልና ከረጢቱ ውስጥ አየሩን ይተዉለት፤ አየሩ ራሱ መከላከያው ነው።

በእጅ የሚያዘው ቦርሳ ለብቻው ይታሰብ። ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ መድኃኒትና አንድ ቅያሪ ልብስ እያንዳንዳቸው ባለ ዚፕ ላስቲክ ውስጥ ይግቡ፤ በክረምት አውቶቡስ መስኮት የሚያንጠባጥበውን ውኃ ይህ ነው የሚያስቀረው። ፈሳሽና ቅባት ነገር፣ ማርና ቅቤ ጭምር፣ በእጅ ቦርሳ ከ100 ሚሊ ሊትር በማይበልጥ ዕቃ፣ ሁሉም ተደምሮ በአንድ 1 ሊትር በሚይዝ ጥርት ያለ ባለ ዚፕ ከረጢት ብቻ እንዲያዝ በብዙ አየር ማረፊያዎች ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተደንግጓል። «ማር ፈሳሽ ነው ወይ?» ብሎ ፍተሻው ላይ መከራከር ማሩን አያስመልስም።

አሁን ሁለት ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው «እናቶቻችን በጆንያ ጠቅጥቀው፣ በሲባጎ አስረው ሲልኩልን ኖረዋል፤ ይህ ሁሉ ላስቲክ ለምን?» የሚለው ነው። ተቃውሞው ከሚመስለው በላይ ልክ ነው። ጆንያ በሲባጎ ተጠብቆ ሲታሰር ጋቢ ይጨመቃል፣ አይቀደድም፣ ፖርቶመጋላ ላይ ሲወረወርም ይችላል። የማይችለው ዝናብንና ሽታን መከላከል ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው መተካት አያስፈልግም፤ ጋቢው በከረጢት ታሽጎ ጆንያ ውስጥ ቢገባ ላስቲኩ ውኃውን፣ ጆንያው ውርወራውን ይይዛል። በዋጋ ደረጃም ከሻንጣ ይረክሳል፤ በአውቶቡስ ለሚጓዝ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ላስቲኩን ራሱን ይመለከታል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታል እንዳይመረት ካገደ ቆይቷል፤ በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ጨርሶ ከልክሏል። ታዲያ ከረጢት ግዙ ማለት ተገቢ ነው? ተገቢ የሚሆነው ከረጢቱ እንደ ፌስታል አንዴ ተይዞ የማይጣል ከሆነ ነው። ወፍራም ባለ ዚፕ ላስቲክ ታጥቦ፣ ወደ ውስጥ ተገልብጦ፣ በጥላ ደርቆ ብዙ ጊዜ ያገለግላል። የበርበሬው ለበርበሬ፣ የልብሱ ለልብስ ሆኖ ይለይ፤ የበርበሬ ከረጢት የቱንም ያህል ቢታጠብ ወደ ልብስ አይመለስም። ሦስት መጭመቂያና አሥር ባለ ዚፕ የገዛ ቤተሰብ ተማሪ ሲመላለስ፣ ዘመድ ሲሄድና ሲመጣ የሚበቃው ይመስለኛል። በየጉዞው አዲስ የሚገዛ ሰው ግን ተቃውሞው ይመለከተዋል።

ሻንጣው ሲደረደር ከባዱ ወደ ጎማው ይሁን። ስንቁ ከታች፣ የተጨመቁት ጥቅሎች ዙሪያውን፣ ጥለት ያለው ልብስ ከላይ። ፈታሽ በቀላሉ እንዲያየው የምግቡን ከረጢቶች አንድ ላይ ያድርጉ። ከደረሱ በኋላ ጥቅሎቹን በዚያው ቀን ይክፈቱ፤ ጋቢና ሱፍ ተጨምቀው ወር ከከረሙ ልስላሴያቸው ቶሎ አይመለስም። አራግፈው አንድ ሌሊት ይስቀሉት።

የመልሱ ጉዞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ከጅዳ ወይም ከዱባይ የሚመለስ ሰው ሽቶ፣ ዘይትና ሻምፑ ይዞ ይመጣል፤ ያ ሁሉ የተከደነው ባሕር ወለል ላይ ነው። ቀድሞ ተከፍቶ በጅምር ያለ ሻምፑ ክዳኑ ሥር ያለው አየር ወደ ማርቆስ ሲወጣ ይሰፋና ፈሳሹን ይገፋዋል። ስለዚህ ክዳኑን ከመግጠምዎ በፊት ጠርሙሱን በእጅዎ ጨመቅ አድርገው ጥቂት አየር ያስወጡ፣ እንደ ተጨመቀ ይክደኑት፣ ከዚያ ባለ ዚፕ ከረጢት ውስጥ ይክተቱት። ከረጢቱንም ሲዘጉ አየር አይተዉበት። ማርቆስ ሲደርሱ ጠርሙሱ ክብነቱን መልሶ፣ ክዳኑ ሥር ደርቆ ያገኙታል።